ሁለተኛው ስፌት

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ስለ ሰው የሚወራውን መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ባለቤቱ ነውና። የእኔ ጆሮዎች በሌላም ትርጉም ባዳዎቼ ነበሩ። ወደ ውጭ መገለጣቸውን ያወቅሁት በመስታወት ሳይሆን ትምህርት ቤት በወጣልኝ ቅጽል ስም ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ቶሮንቶ ውስጥ በቀዶ ጥገና ወደ ኋላ አሰፋኋቸው። የኦንታሪዮ የጤና መድን ለመልክ ብቻ ለሚደረግ ቀዶ ጥገና ስለማይከፍል፣ ከዶክትሬት ድጎማዬ የቆጠብሁት ሁሉ ሄደ። የቀኙ ተጣበቀ። የግራው ግን ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የጆሮ ልም አጥንት የቀድሞ ቅርጹን አይረሳም። አሁን እንደገና ላሰራው እያሰብሁ ነው።

በ1926 በታተመው የፒራንዴሎ የመጨረሻ ልቦለድ፣ ሞስካርዳ የተባለው ሰው አፍንጫው ወደ ቀኝ ማዘንበሉን ሚስቱ ትነግረዋለች። ከዚያ ወዲያ በሌሎች ዓይን ውስጥ ያሉት ብዙ ሞስካርዳዎች ሰላም ይነሱታል። የእኔ ነገር ተገላበጠ። ድሮ ሰው ሁሉ ያያል፣ እኔ አላይም ነበር፤ ዛሬ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ በቪዲዮ ስንገናኝ «የቱ ነው ተበላሸ ያልከው?» ትለኛለች።

የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ለሰው አፍ የሰጠሁት መልስ ነበር። ሁለተኛውን የጠየቅሁት ራሴ ነኝ። ይህ ነጻነት ይመስላል፤ ያ የልጅነት ቅጽል ስም በእኔ ድምፅ እየተናገረ ከሆነስ? መልክን ማሳመር ነውር አይደለም። ሐኪሙ ግን የሚሰፋው ጆሮዬን እንጂ ፈራጁን አይደለም። ስለዚህ ቀጠሮውን አልሰረዝሁትም፤ የሚናገረው ማን እንደሆነ እስክለይ ድረስ አስተላለፍሁት።