መድረክ ለምትመኙ የዳሞት ልጆች

ልጆቼ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከጅጋ፣ ከማንኩሳ፣ ከቡሬና ከሽንዲ የምታገኙኝ ወጣቶች ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» መልሴን ሳትጠብቁ ደግሞ ስለ አዲስ አበባ፣ እዚያ ሰው ስለ ማግኘት፣ ፎቶ ተነሥቶ ስለ መላክ ታወሩኛላችሁ። እኔ ከዚሁ አገር ወጥቼ ዕድሜዬን መድረክ ላይ ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። አትሂዱ አልላችሁም። ግን አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት እዚያው ባላችሁበት የምትጨርሱት ትምህርት አለ። እርሱን ሳይዙ የሄዱ ልጆች በየኦዲሽኑ በር ሲንከራተቱ ስለማይ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት። ተዋናይ ከመታየቱ በፊት ማየት፣ ከመናገሩ በፊት ማዳመጥ መቻል አለበት።

ማንኩሳን ታውቃላችሁ፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ የምታልፉባት ከተማ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ የሚነሣው ከዚያች ከማንኩሳ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በዛብህን የወለዱት እዚያ ነው። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው እኛ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ነው፤ አልባሳት የለው፣ መብራት የለው፣ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። ሆኖም ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ጉዱ ካሣ ሲከራከር፣ ሰብለ ወንጌል ስታመነታ የምንሰማው ሌላ ሌላ ሰው ነበር። ፊደል ያልቆጠረችው አክስቴ «ይህ ሰው ባላባት ቤት ነው ያደገው፣ አለዚያ ይህን ከየት ያውቀዋል?» ትል ነበር።

እኔ ምስጢሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ወጋየሁ ድምፁን በማቅጠንና በማወፈር ብቻ አልነበረም ሰው የሚለውጠው። ማንም የማያቋርጠው ሰው ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ቃሉን ጥሎ ትንፋሹን ይስባል፣ የሚጠብቀው እንዳለ ያውቃልና። እቋረጣለሁ ብሎ የሚሰጋ ድሀ ደግሞ ይቸኩላል፤ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ ይናገርና ኋላ ደጋግሞ ይለምናል። ይህን ያወቀ ተዋናይ ድምፁን ባይለውጥ እንኳ ሰው መለወጥ ይችላል። ይህን ለማወቅ ደግሞ ባላባትም ጭሰኛም ሲናገሩ አብሮ ተቀምጦ ማዳመጥ ያስፈልጋል። መጽሐፉን ያላነበባችሁ አንብቡት። ያነበባችሁም እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ግን ድምፃችሁን አውጥታችሁ፣ እያንዳንዱን ሰው በራሱ ትንፋሽ አንብቡት።

በልጅነቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ትወናን አብልጠው ያስተማሩኝ ግን አልቃሾች ናቸው። የሰፈራችን አልቃሽ ለቅሶ ስትጠራ እንደ ደረሰች አትጮኽም ነበር። መጀመሪያ ጓሮ ገብታ ሴቶቹን ትጠይቃለች። ሟቹ በሬውን ምን ብሎ ይጠራው ነበር? ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር፣ ታርቆ ነው የሞተው ወይስ ሳይታረቅ? ለሴት ልጁ ምን ሊገዛላት ቃል ገብቶ ነበር? ከዚያ ወጥታ ለቀስተኛው መሐል ትቆማለች። ሙሾውን ስታወርድ የሟቹን ደግነት በደፈናው አታወራም፤ የበሬው ስም ይነሣል፣ ሳይገዛ የቀረው ቀሚስ ይነሣል። ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሆዱ ይባባል። እርሷ ራሷ ድምፅዋን አትለቅም። እንባዋ ቢመጣም ግጥሙ እንዳይሰበርባት ትይዘዋለች።

ኋላ አዘጋጆች ይህንኑ በብዙ ቃል ሲያስረዱኝ እኔ ከዚያች ሴት ተምሬው ነበር። ተመልካቹን የሚያስለቅሰው የበሬው ስም ነው፤ የተዋናይዋ እንባ ብቻውን ሰው አያነቃንቅም። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲሰጣችሁ ቃለ ተውኔቱን ከመሸምደዳችሁ በፊት እንደ አልቃሿ ጓሮ ግቡና ጠይቁ። ይህች ሴት ትናንት ማታ ምን በላች? ማንን ትፈራለች? እጅዋ ውኃ ቀድቶ የሻከረ ነው ወይስ በርበሬ ቀንጥሶ የሚያቃጥላት? ጸሐፊው ያልጻፈውን እናንተ ካወቃችሁት የጻፈው ቃል ሲወጣ ክብደት ይኖረዋል።

በዚህ ላይ አንድ የሚከብደኝን ነገር ልናገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የሆነውን ሁላችሁም ኖራችሁበታል። ትምህርት ቤት ተዘግቶባችሁ ዓመት የባከነባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ሐዘን ያልገባበት ሰፈርም ጥቂት ነው። ነገ ይህን በመድረክና በፊልም የምታሳዩት እናንተ ናችሁ። እባካችሁ፣ የጎረቤታችሁን ለቅሶ ጭብጨባ ለማግኘት አትውሰዱት። ያዘነችውን ሴት ቁጭ ብላችሁ ስሟት፣ ቡናዋን ጠጡላት፣ ልናገር ስትል ብቻ ጠይቋት። የሰው ሐዘን ተቀርጾ በስልክ ሲዞር እያየሁ አዝናለሁ፤ የእኛ ሙያ ይህ አይደለም።

የእርቅ ሸንጎም ትምህርት ቤት ነው። ደም ሊያደርቁ የተቀመጡ ሽማግሎች አይታችሁ እንደሆነ፣ የሚናገረው ሰው ተነሥቶ ወዲያው አይጀምርም። ጋቢውን ያስተካክላል፣ በዳይንም ተበዳይንም በዓይኑ ያያል፣ ሰዉ ራሱ ዝም እስኪል ይጠብቃል። እኔ መድረክ ላይ ዝም ማለትን የተማርኩት ከእነርሱ ነው። ጀማሪ ተዋናይ ዝምታ ይፈራል፤ መድረኩ ባዶ የሆነ ይመስለውና በቃል ይሞላዋል። አባቶቻችን ግን ዝምታውን ይዘው ሰውን ወደ እነርሱ ያመጡታል። የእንግጫ ነቀላ ዕለት ደግሞ እናንተ ልጃገረዶች ሳታውቁት የምትማሩት አለ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ የምታወጣዋ ብትሳሳት ተቀባዮቹ ያነሡዋታል እንጂ አይጥሏትም። አብረዋችሁ የሚተውኑትን እንዲሁ ያዙ።

ስለ ቅኔ ሳልናገር ባልፍ ጎጃሜነቴን የካድሁ ይመስለኛል። የእኛ አገር የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው። ሴት ልጅ ከዚህ ዕውቀት የራቀች ናት የሚላችሁ ካለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ንገሩት። በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ራሳቸው መምህር የሆኑ የጎጃም ሴት ናቸው። ተዋናይም የሚሠራው በሰምና ወርቅ ነው። አፍ የሚናገረው ሰሙ ነው፤ ወርቁ ልብ የደበቀው ነው። አንዲት እናት ለልጅዋ «እራትህን ብላ» ስትል በልብዋ «ነገ ትሄድብኛለህ» እያለች ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ያልያዘች ተዋናይ የመጀመሪያውን ብትናገረው ስለ እራት ብቻ ታወራለች።

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም፤ የሄዱበት አሉ። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በጎጃም ደብረ ኤልያስ በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው፣ ቅኔያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡና ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ተውኔት ጸሐፊዎች አንዱ ሆኑ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ቤት የሚጠራው በስማቸው ነው። እዚያ ለመግባት የምትመኙ ልጆች የአንድ የጎጃም ሰው ስም በሩ ላይ እንዳለ አስቡ፤ እንደ ባዳ አትግቡ።

አነጋገራችሁንም አትጣሉ። እኔ አዲስ አበባ እንደ ገባሁ ስናገር የሳቁብኝ ነበሩ። የከተማውን አነጋገር ጆሮዬን ከፍቼ ተማርኩ፣ የእናቴን ግን አልለቀቅኩም። ሁለቱንም በመያዜ የገጠር እናት ሆኜ ስጫወት ከሌሎቹ የተሻልኩ ሆንኩ። በየፊልሙ የገጠር ሰው ሲመጣ የማንም አገር ያልሆነ፣ ለማሳቅ ብቻ የተሠራ አነጋገር የምንሰማው ከገጠር የመጡት ልጆች የራሳቸውን እየጣሉ ስለሚመጡ ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

አሁን ለሴት ልጆቼ ለይቼ ልናገር። በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር ሴት መድረክ ላይ አትወጣም ነበር፤ ቀሚስ ለብሶ ሴቷን የሚጫወተው ወንድ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ከጠላት መባረር በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ነገሩ እንዲያው ነበር። ያን በር ከከፈቱት መካከል ሰላማዊት ገብረሥላሴና አስናቀች ወርቁ ይገኛሉ። አስናቀች ክራር ትደረድር፣ ትዘፍን፣ ትተውን ነበር፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው መድረክ የሠራች ናት። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ብታርፍም ክራርዋ በባሕር ማዶ ሳይቀር ይደመጣል፣ ሕይወትዋንም ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» በሚል ዘጋቢ ፊልም አሳይታናለች። ፊልሙን ካገኛችሁ እዩት። በዚያ ዘመን በሴት ተዋናይ ላይ ይወርድ የነበረውን ስድብ አሁን የምትሰሙት ሐሜት አይደርስበትም።

አባቴም «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብሎኛል። ከእርሱ ጋር አልተከራከርኩም፣ ሌሊት ተነሥቼም አልጠፋሁም። ለጋብቻ ሽማግሌ እንደሚላክ እኔም ለሥራዬ ሽማግሌ ላክሁ። የነፍስ አባታችንና ሁለት የተከበሩ ጎረቤቶች መጥተው አባቴን ለመኑልኝ። ወዲያው እሺ አላለም፤ ግን ልጁ በስርቆት እንዳልሄደች አወቀ፣ እኔም ስቸገር የምመለስበት ቤት አልተዘጋብኝም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከቤቷ ተጣልታ የወጣች ልጅ መመለሻ የላትም፤ መመለሻ የሌላትን ልጅ ደግሞ ደላላና ክፉ ሰው ቶሎ ያገኛታል።

ክፉ ሰው ስል በግልጽ ልናገር። ኦዲሽን ማታ፣ በመኖሪያ ቤት ወይም በሆቴል ክፍል አይደረግም። «ብቻሽን ነይ» ያለሽ ሰው ሥራ አይሰጥሽም። እኔም እንዲህ ያለ ጥሪ መጥቶልኝ ያውቃል፤ አልሄድኩም፣ ያን ሥራም አጣሁ፣ ሌላ ሥራ ግን አገኘሁ። ታናሽ ወንድምም ቢሆን፣ የሰፈር ልጅም ቢሆን ይዘሽ ሂጂ። ለመመዝገቢያ ገንዘብ አምጪ ካለሽ ተመለሺ። ውል ሳትፈርሚ ቀረጻ አትጀምሪ፤ ስንት ቀን እንደምትሠሪ፣ ስንት ብር መቼ እንደሚከፈልሽ የተጻፈ መሆኑን ራስሽ አንብቢ፣ አንዱን ቅጂ ያዢ። ለዚህም ለሌላውም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሺ። በዚህ ሙያ ውስጥ ሥራ የሌለበት ወራት ብዙ ነው፤ ሌላ እንጀራ የሌላት ተዋናይ ያልወደደችውን ሁሉ እሺ ለማለት ትገደዳለች።

አዲስ አበባ ካልሆነ አይሆንም የሚለውንም እርሱት። በደርግ ዘመን ጎጃም ጊሽ ዓባይ የሚባል የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው፣ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ወሎ ላሊበላ። ዛሬም ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ከዚያም ቅርብ በትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያና የቴአትር ክበብ አለ፣ ከሌለም መምህራችሁን ጠይቃችሁ ማቋቋም ትችላላችሁ። አሥር ልጅ፣ አንድ ክፍልና አንድ ተውኔት ይበቃል።

እስከዚያው ለብቻችሁ የምትሠሩትን ልስጣችሁ። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም በገበያ ቀን በርበሬ ተራ ሂዱና አንዲት ሻጭ ምረጡ። ሳታስቸግሯት ራቅ ብላችሁ እዩዋት። ገዢ ሲመጣ የምትቀመጥበት መንገድ እንዴት ይለወጣል? ዋጋው አልስማማ ሲላት ዓይንዋ ወዴት ይሄዳል? የሸጠችበትን ብር የት ታኖራለች፣ ሰው ቢያያትስ ምን ታደርጋለች? ቤት ስትገቡ ያለ ቃል እርሷን ሁኑ፤ እናታችሁ ሳትነግሯት «ይህችማ በርበሬ ሻጭ ናት፣ ዛሬ ገበያው አልቀናትም» ካለች ሠርታችኋል። ካላለች በሚቀጥለው ገበያ ተመለሱ። ስልካችሁን ደግሞ ራሳችሁን ብቻ አትቅረጹበት። አያቶቻችሁ ሲተርኩ፣ የሰፈራችሁ አልቃሽ ሙሾ ስታወጣ፣ ፈቅደውላችሁ ከሆነ ድምፃቸውን ያዙ። እነዚያ ሰዎች እየሄዱ ነው፤ የሚያውቁትን የጻፈላቸው የለም።

መምህራንና የከተማ አስተዳደር ኃላፊዎችም ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። በየከተማችሁ ለስብሰባ ብቻ የሚከፈት አዳራሽ አለ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለእነዚህ ልጆች ክፈቱላቸው፣ ቁልፉንም ለአንድ ኃላፊነት ለሚሰማው መምህር ስጡ። ልጆቼ፣ እናንተ ደግሞ ደብዳቤውን ዛሬ ጻፉና አስገቡ፤ መልስ ካልሰጧችሁ ሽማግሌ ላኩባቸው።