የፈረሰኛው መሐላ በማን ይፈተናል?

ሰው ቃል ኪዳን ሲገባ በማን ፊት እንደሚገባ ወዲያው ይታያል፤ ቃሉን ለማን እንደሚጠብቅ ግን የሚታወቀው ቆይቶ፥ በፈተና ቀን ነው። ስለዚህ ክብሬን ጠብቄ እኖራለሁ የሚል ሰው ክብሩ እውነተኛ መሆኑ በምን ይለካል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮጳ የነበረው የባለ መሐላ ፈረሰኞች ሥርዐት ነው። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ሰው «ሸቫሊዬ» ይሉታል። «ሸቫል» ማለት ፈረስ ነውና ቃሉ በመጀመሪያ ፈረሰኛ ከማለት አያልፍም ነበር፤ ኋላ ግን የመልካም ምግባር ስም ሆነ። በእኛም ቋንቋ ይህን የሚመስል ነገር ሆኗል። «ጨዋ» የሚለው ቃል በጥንት ዘመን የንጉሥን ጭፍራ ያመለክት ነበር፤ ዛሬ ግን አንደበቱ የታረመውን፥ ምግባሩ የቀናውን ሰው እንጠራበታለን። የጦር ስም የምግባር ስም መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰይፍ ታጥቆ ምግባር የሌለው ሰው ከአውሬ ይልቅ ያስፈራልና።

በዛሬው ዘመንም የጥንቱን ፈረሰኛ የብረት ልብስ ለብሰው፥ እንደ እርሱ በልተውና ተኝተው ኑሮውን ሊሞክሩ የሚወዱ ሰዎች በአውሮጳና በአሜሪካ አሉ። ከ20 እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን ብረት ለብሶ መዋል የሰውነትን ብርታት ይፈትናል፤ መሐላውን ግን አይፈትንም። መሐላው የሚፈተነው በሌላ ነገር ነው።

የፈረሰኛው ትምህርት ከልጅነት ይጀምር ነበር። ብላቴናው በ7 ዓመቱ ገደማ ወደ አንድ ጌታ ቤት ይሰጣል፤ በ14 ዓመቱ ገደማ ጋሻ ጃግሬ ይሆናል፤ 21 ዓመት ሲሞላው ለማዕርጉ ይታጫል። በማዕርጉ ዋዜማ ሰይፉ በመንበር ላይ ተቀምጦ እርሱ ሌሊቱን በጸሎት የሚያድርበት ልማድ ነበረ። የማዮርካው ሊቅ ራሞን ሉል በ1270ዎቹ ዓመታት ስለዚህ ሥርዐት መጽሐፍ ሲጽፍ መበለትን፥ ድኻ አደግንና ደካማን መጠበቅ የፈረሰኛው ግዴታ መሆኑን አስተምሯል። ከእርሱም አስቀድሞ በ989 በፈረንሳይ አገር ሻሩ በሚባል ቦታ የተሰበሰቡ ጳጳሳት የድኻውን ከብት የሚቀማውን ሁሉ አውግዘው ነበር። ውግዘት የወጣው ቅሚያው ስለ በዛ ነው፤ በሌለ በሽታ ላይ መድኀኒት አይታዘዝምና።

እንግዲህ ፍሬውን እንመልከት። በ1356 በመስከረም ወር ፑዋትዬ አጠገብ በተደረገው ጦርነት የእንግሊዙ ልዑል ኤድዋርድ የፈረንሳዩን ንጉሥ ዣን 2ኛን ማረከ። ታሪክ ጸሓፊው ፍሩዋሳር እንደ ተረከው፥ በዚያች ምሽት ልዑሉ ከምርኮኛው ጋር በማዕድ አልተቀመጠም፤ ቆሞ አሳለፈለት እንጂ። ንጉሡም በበኩሉ ለቃሉ ክብር እንደ ነበረው ታይቷል። በ1360 በተደረገው ውል 3 ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ሊከፍል ተስማምቶ ከተለቀቀ በኋላ፥ በመያዣነት የተቀመጠው ልጁ ሉዊ አምልጦ ሄደ። ንጉሡ በ1364 በገዛ ፈቃዱ ወደ እንግሊዝ ምርኮ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሎንዶን ላይ ሞተ። ይህን ስንሰማ የማናደንቅ ማን ነን? ድል አድራጊ ምርኮኛውን አከበረ፤ ምርኮኛውም ማንም ሳያስገድደው ተመለሰ።

ነገር ግን ምስክር ገና አልተፈጸመም። ይኸው ልዑል በፑዋትዬ ከመዋጋቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ በ1355 መኸር፥ ከቦርዶ ተነሥቶ እስከ ናርቦን ዘምቶ ነበር። በዚያ ዘመቻ ያልተመሸጉ ከተሞችና መንደሮች ተቃጠሉ፤ በካርካሶንም ከምሽጉ በታች ያለው ከተማ ጋየ። ይህ የሆነው ወታደሩ ትእዛዝ አልሰማ ብሎ አይደለም፤ ለፈረንሳይ ንጉሥ የሚገባው ግብር ከምንጩ እንዲደርቅ ታስቦ ነው። ለንጉሥ በማዕድ ያሳለፈው ሰው የገበሬውን ማዕድ ከነቤቱ አቃጥሎ መምጣቱ ነው። የንጉሥ ዣን መዋጃስ ከማን ኪስ ወጣ? በ1360 በጨው፥ በወይን ጠጅና በሸቀጥ ላይ ግብር ተጣለ። የንጉሡን ክብር ድኻው ከወጡ ጨው ከፍሎ ዋጀው ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚገልጠው በ1358 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የፈረንሳይ ባላገሮች በመኳንንቱ ላይ ተነሡ። እነርሱም ብዙ ግፍ ሠርተዋልና ንጹሐን ናቸው አንልም። የአልጋ ወራሹ ሚስትና ሌሎች ወይዛዝርት ሞ በምትባል ከተማ ተከብበው ሳሉ ሁለት ታላላቅ ፈረሰኞች ሊያድኗቸው ደረሱ። አንደኛው ዣን ደ ግራዪ በፑዋትዬ ከእንግሊዝ ወገን የተዋጋ ነበር፤ ሁለተኛው ጋስቶን ፌቡስ ለፈረንሳይ ንጉሥ ከሚገዙት መሳፍንት አንዱ ነበር። ወይዛዝርቱን ማዳናቸው መሐላቸውን መፈጸም ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚሸሸውን ሕዝብ መፍጀትና ከተማይቱን ማቃጠል ከየትኛው መሐላ የመጣ ነው? የሁለት ነገሥታት ጠብ ለጊዜው ተረሳ፤ በማዕርግ የሚመሳሰሉት በማዕርግ በማይመስላቸው ላይ አንድ ሆኑ።

ምናልባት አንድ ሰው «ሰው ሁሉ ጨካኝ በሆነበት ዘመን መሐላው ምርኮኛን ከሞት ማዳኑ ጥቂት ነገር ነውን?» ይለን ይሆናል። ጥቂት አይደለም፤ እኩሌታው የታጠረ እርሻ ጨርሶ ካልታጠረው ይሻላል። ዳሩ ግን ምርኮኛው ባለጸጋ ሲሆን የመዋጃ ገንዘብ ያመጣል፤ ማርኮ ያከበረውም ነገ ቢማረክ ተመልሶ ይከበራል። እንዲህ ያለው ቸርነት ከብድር ብዙ አይርቅም። ገበሬው ግን የሚመልሰው ውለታ የለውም፤ ቢበደልም የሚያሳፍር ጓደኛ አያመጣም። ስለዚህ የመሐላው እውነተኛ ፈተና እርሱ ነበረ፤ ብዙዎቹም በዚያ ወደቁ።

ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሰይፋችሁን ጣሉ አላላቸውም፤ ግፍ እንዳይሠሩ፥ በደመወዛቸውም እንዲረኩ አዘዛቸው እንጂ። በዚያ ትእዛዝ ውስጥ ግፍ የማይሠራበት ሰው ማዕርጉ አልተለየም። የአውሮጳው ፈረሰኛ ሥርዐት የጐደለው ይህ ነው፤ ሕጉ መልካም ሳለ ወሰኑን አጠበበው።

እኛም ፈረስና ሰይፍ ስለሌለን ከዚህ ፈተና ውጪ ነን አንበል። እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫችን ተነሥተን ወንበር እንለቃለን፤ ውሃ ያቀረበችልንን ሠራተኛ ግን ስሟን ሳንጠይቅ ዓመት ይሞላል። ለባለ ሥልጣን የሰጠነውን ቀጠሮ በሰዓቱ እናከብራለን፤ ለቀን ሠራተኛው የተናገርነውን የክፍያ ቀን ግን ስንት ጊዜ «ነገ ና» ብለን አሳልፈነዋል? በመጀመሪያው ቦታ ጨዋ መባላችን በሁለተኛው ቦታ ካልጸና ለእኩያ የተከፈለ ብድር ነው። ስለዚህ ጨዋነቱን ሊመረምር የሚወድ ሰው ባለንጀራውን አይጠይቅ፤ ምንም ሊመልስለት የማይችለውን፥ ቢበደልም የሚሰማው የሌለውን ሰው እንዴት እንደ ያዘው ዛሬ ማታ ራሱን ይጠይቅ።