ካላወቅህ «አይ» በል

የሊኑክስን ከርነል ለትንሽ ፕሮሰሰር ያዋቀረ ሰው አንዲት ምክር ሳትሰለቸው አትቀርም። ሜኑኮንፊግ ትከፍታለህ፤ አንዱ አማራጭ ላይ ትቆማለህ፤ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ማብራሪያውን ታያለህ። ሦስት አራት መስመር ያብራራልህና መጨረሻው ላይ፣ እርግጠኛ ካልሆንክ ኤን በል ይልሃል። ዋይ ያልከው ከርነሉ ውስጥ ይገባል። ኤም ያልከው ሞጁል ሆኖ ውጭ ይጠብቃል። ኤን ያልከው ደግሞ ለዚያ ማሽን ጭራሽ እንዳልተፈጠረ ነው። አማራጮቹ ከ10 ሺህ በላይ ናቸው። ሁሉንም አንብቦ የሚወስን ሰው አላየሁም፤ ቀሪውን ዲፎልቱ ይወስንልሃል።

ምክሩ መጥፎ አይደለም። ያልገባህን ነገር አለማስገባት ለደኅንነትም ለቦታም ይበጃል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ የማያውቀው ሰውና «አይ» የሚባለው ሰው አንድ አለመሆናቸው። የማላውቀው እኔ ነኝ፣ አዲስ አበባ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ። አይ የሚባለው ግን ሰቆጣ ያለ ሰው ነው። አለማወቁ የእኔ ከሆነ ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍለው በምን ሒሳብ ነው?

ነገሩን በምሳሌ ላውራ። አሁን በእጄ ያለው ቦርድ የዝናብ መለኪያ ነው። ባለ 32 ቢት አርም ፕሮሰሰር፣ 64 ሜጋባይት ራም፣ 16 ሜጋባይት ፍላሽ፣ አንዲት ትንሽ ስክሪን፣ ሶላርና ባትሪ፣ የ2ጂ ሞደም አለው። የሚተከለው ዋግ ኽምራ ነው፤ እኔ ያደግሁበት አገር። ሰቆጣ የሚለውን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው በሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ላስቆም ብሎ በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል። ቃል ኪዳኑ ይህን ስም የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናቡ መቼ ገባ፣ መቼ አቋረጠ የሚለው ጥያቄ እዚያ የወሬ ማሟሻ አይደለም።

ከርነል መቀጠል የማይችልበት ስህተት ሲገጥመው ይደነግጣል፤ ስሙም ራሱ ፓኒክ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያድርግ የሚል አማራጭ አለ፤ በሰከንድ ይሞላል። ዲፎልቱ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ደግሞ «ሰው እስኪመጣ ቁም» ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ላለ ኮምፒውተር ትክክል ነው፦ ሰውየው ቡናውን ይዞ ይመጣል፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት ያነባል፣ ቁልፉን ይጫናል። ዝቋላ ወረዳ አንድ ጋራ ላይ ለተተከለ መሣሪያ ግን «ሰው እስኪመጣ» ማለት የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ያውም መቆሙን የሰማ ሰው ካለ። እኔ 10 አድርጌዋለሁ፤ በ10 ሰከንድ ራሱ ይነሳ። ዜሮውን የጻፈው ሰው ክፉ አልነበረም። የራሱን ጠረጴዛ ነው የጻፈው። ዲፎልት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ውስጡ የሆነ ሰው ሕይወት አለ፦ መብራት የማይጠፋበት፣ ኔትወርክ የማይቆራረጥበት፣ ሁሌም አጠገቡ ሰው ያለበት።

ፍላሽ ዲስክ ላይ ያለውን የፋት ፋይል ሲስተም ውሰዱ። ከርነሉ የፋይል ስሞችን በየትኛው የፊደል ሥርዓት ያንብብ ሲባል ዲፎልቱ አይሶ 8859-1 ነው፤ የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ፊደል። ዩቲኤፍ-8ን ዲፎልት ላድርገው ወይ ሲባል መልሱ ኤን ነው። እንዳለ ብትተወው፣ የግብርና ባለሙያው «ዝናብ ሐምሌ» ብሎ ያስቀመጠው ፋይል በተርታ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ያላወቀው እሱ፣ ስሙ የጠፋው የባለሙያው።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ገደብ አለ። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርጽ አይዝም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገባ ሥርዓተ ነጥቡንና ቁጥሩን ጨምሮ 345 ምልክት ነበር፤ የላቲኑ መሠረታዊ 95 ሲደመርበት 440፣ ይገባል። በ2005 እ.ኤ.አ. ለብሌን፣ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለሜኢንና ለመሰሎቻቸው 116 ተጨመረ፤ 556፣ አይገባም። አርባ አራቱ ውጭ ይቀራሉ። (ፊደሉን ከርነሉ ሳይሆን አፕሊኬሽኑ ራሱ ከሣለው ገደቡ የለም፤ እኔ ቦታና ባትሪ ለመቆጠብ ኮንሶሉን መርጫለሁ።) ይህ ጭንቀት አዲስ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ሲሠሩ ቁልፉ ከፊደሉ ያንስ ነበር፤ መፍትሔያቸው ፊደሉን ከቁርጥራጭ መገጣጠም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊደሉ ለማሽኑ እንዲመች ይቀነስ የሚል ሐሳብ ስንቴ እንደተነሣ! ማሽኑ ለፊደሉ ይመች የሚሉትም ግን አልጠፉም። ዛሬም ዴቢያን ላይ ጎሐ የሚባል የግዕዝ የኮንሶል ፎንት አለ፤ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ፊደል በነጥብ ሥሏታል።

እኔ ለሰቆጣ ሁሉም አያስፈልገኝም፤ የአማርኛው ፊደል ብቻ በቂ ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ጘ የምትመጣው። ከሀ እስከ ፐ ስትቆጥሩ አታገኟትም። በእንግሊዝኛው «ሲንግ» መጨረሻ ላይ የሚሰማውን፣ በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ የምትይዝ የአገው ቋንቋዎች ፊደል ናት። እኛ በአማርኛ ኽምጣና የምንለው የዋግ ቋንቋ ስሙ በራሱ ፊደል ሲጻፍ ኽምጣጛ ነው። ፎንቱን በአማርኛ ብቻ ካጣራሁት፣ መሣሪያው የተተከለበትን አገር ቋንቋ ስም እንኳ መጻፍ አይችልም።

ይህን ለባልደረባዬ ሳወራው ሳቀብኝ።

«ወንድሜ፣ ሰቆጣ ውስጥ አማርኛ የማይችል ማን አለ? ለስንት ሰው ብለህ ነው?»

ከተማውን ካየን ልክ ነው። አያቴም ገበያ ላይ አማርኛ ትናገራለች፤ ቤት ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። ልጆች በኽምጣና የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 5 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይናገራል። ሕጉ ዋይ ብሏል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ኤን ሊሆን ነው። ወጪውን አሰላሁት። ሰባት ፊደል፣ እያንዳንዱ በ16 በ16 ነጥብ ሲሣል 32 ባይት፣ ድምሩ 224 ባይት። ከ16 ሜጋባይት ላይ! ስለዚህ የቦታ ጥያቄ አይደለም። ድሮም የቦታ ጥያቄ አልነበረም፤ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ነው።

እሺ፣ ሁሉንም ዋይ እንበል? አይሆንም። ክረምት ላይ ደመናው ለሳምንት ሰማዩን ይሸፍናል፤ ሶላሩ የሚደክመው ዝናቡ በሚመጣበት፣ መሣሪያው በተሠራለት ወቅት ነው። ያኔ እያንዳንዱ ሥራ ላይ ያለ ነገር ከባትሪው ይበላል። ለማንም የማይጠቅም ብሉቱዝ አስገብቼ ሐምሌ አጋማሽ ላይ መሣሪያው ቢጠፋ፣ ዋይ ማለቴ ደግነት ሊባል ነው? እንደዚያ ሲሆን ኤን ማለት ነው ደግነቱ። በመቶ የሚቆጠሩ ድራይቨሮችን ያለ ጸጸት አውጥቻለሁ።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ስለ ማሽኑ የሆነውን ጥያቄ እኔ ልመልሰው እችላለሁ፤ ባላውቅ አንብቤ አውቃለሁ፤ ኤን ብል ባለሙያ ነኝና ይገባኛል። ስለ ሰው ኑሮ የሆነውን ግን አንብቤ አላውቀውም፤ እሱ ላይ «ካላወቅህ አይ በል» የሚለው ምክር አይሠራም፤ ካላወቅህ ደውል ነው። ችግሩ ሜኑኮንፊግ ሁለቱን ለይቶ አያሳይም። የፓኒክ ሰከንድ የማሽን ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የግማሽ ቀን መንገድ አለ። ደግሞም ደውዬ ምን ብዬ ልጠይቅ? «ጘ ስክሪን ላይ ትምጣ ወይ?» ብላቸው፣ «ኧረ አማርኛው ይበቃል፣ አትቸገር» ነው የሚሉኝ። ስልኩም፣ የባንክ ደረሰኙም፣ የመድኃኒቱ ወረቀትም ጠይቋቸው አያውቅም፤ የለመደ ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ይህን ዝምታ ፈቃድ ነው ብሎ መውሰድ ለእኔ ማጭበርበር ነው። 224 ባይት ለሚፈጅ ነገር ማንም አቤቱታ ይዞ እስኪመጣ መጠበቅ የለብኝም።

ስትጨርስ ምርጫዎችህ በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ። ደስ የሚለኝ ነገሩ፣ ኤን ያልከውም ይጻፋል፤ እንትን የሚባለው «ኖት ሴት» ነው እያለ፣ በየመስመሩ። እምቢታህ ስም አለው። ነገር ግን ዋችዶግን ከላይ ኤን ካልከው፣ ከሥሩ ያሉት ጥያቄዎች ጭራሽ አይቀርቡልህም፤ ፋይሉ ውስጥም እንደተከለከሉ እንኳ አይመዘገቡም። ከርነሉ ይዟቸው ከሚመጣው የኮንሶል ፎንቶች ዝርዝር ውስጥም የግዕዝ የለም። ኤን አልተባለም፤ ጥያቄው ራሱ የለም። ከእምቢታ ይልቅ ይህ ይከፋኛል። እምቢ የተባለ ሰው ቢያንስ የሚከራከርበት መስመር አለው።

የራስህን አስተያየት እዚያ ፋይል ውስጥ ብትጽፍ፣ ፋይሉ እንደገና ሲሠራ ይጠፋል። ስለዚህ ለብቻው ዝርዝር ይዣለሁ፤ ከእያንዳንዱ ውሳኔ ፊት ማንን እንደጠየቅሁና ምን እንደሚፈጅ። ብሉቱዝ፦ ማንንም አልጠየቅሁም፣ ባትሪ፣ ኤን። የጘ ቤት፦ 224 ባይት፣ ገብቷል። የድምፅ ሲስተሙ መስመር ባዶ ነው። ስክሪን ማንበብ የማይችል ገበሬ መረጃውን በጆሮው ይስማ ከተባለ ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ደመና በሆነ ሳምንት ስንት ቀን እንደሚያሳጣን እየለካሁ ነው።