ገበያ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛን ስለ መያዝ

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የኢኮኖሚ ድቀት የሚሉት የአንድ ሀገር ጠቅላላ ምርት ለተከታታይ ወራት፣ በተለምዶም ለሁለት ሩብ ዓመታት፣ እየቀነሰ ሲሄድ ነው። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ሰው የሚያሠራ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ዳቦ ቤት ወይም ልብስ ስፌት ግን ይህን ልኬት ጠብቆ አይጎዳም፤ ሀገሪቱ አደገች በተባለበት ዓመትም ደንበኛው ሊጠፋበት፣ ጥሬ ዕቃው ሊወደድበት ይችላል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስትሰረዝ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል፤ የእነርሱን ደመወዝ ተማምኖ ቤት ያከራየና ምግብ የሸጠ ሁሉ የጉዳቱ ተካፋይ መሆኑ አይቀርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ከውጭ በሚገባ ዕቃ የሚሠሩ ቤቶች ወጪያቸው ከበዳቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የወጣት አሠሪ ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው በደመወዝ መዝገቡ ላይ ነው። ለእርሱ የሚሰጠው ምክር ሠራተኛ መቀነስ ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ የሚመጣ እርምጃ እንዲሆን፣ የማይቀር መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ገንዘቡ ተሟጦ ሳያልቅ እንዲወሰን ነው።

በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ የሥራው ዕውቀት የሚገኘው በጽሑፍ መመሪያ ሳይሆን በሰዎቹ እጅ ነው፤ የትኛው ደንበኛ በዱቤ ወስዶ በቀኑ እንደሚከፍል፣ አሮጌው መጋዝ ምን ሲሰማበት መቆም እንዳለበት፣ የትኛው አቅራቢ እርጥብ ጣውላ እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሠራተኛ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። አሠሪው ችግሩን ደብቆ ዝም ሲል ሠራተኛው ምንም አያውቅም ማለት አይደለም፤ ትእዛዝ መቅረቱን፣ መጋዘኑ መራቆቱን፣ ደመወዝ ከወር መጨረሻ እየዘገየ መሄዱን ከማንም በፊት ያያል። ከዚህ ዝምታ ወሬ ይወለዳል፤ ወሬውን ሰምቶ ቀድሞ የሚለቅ ደግሞ ሌላ ቦታ በቶሎ የሚፈለገው፣ ማለትም እጁ የሠለጠነው ነው፤ እናም አሠሪው ማንንም ሳያሰናብት ሊያጣው የማይፈልገውን ሰው ያጣል። ስለዚህ የድርጅቱን ሁኔታ በግልጽ መናገር፣ ያለው ትእዛዝ ስንት ወር እንደሚያሠራ ማሳየትና የሠራተኞቹንም ሐሳብ መጠየቅ ከርኅራኄ ሥራ በላይ ነው፤ ድርጅቱን የሚያቆም አስተዳደር ነው። ይህ ንግግር ግን ሊፈጸም የማይችል ተስፋ እንዳይቀላቀልበት ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ወጪ መቀነስ የሚጀምረው ከባለቤቱ ነው። ለቤቱ ከድርጅቱ የሚያወጣውን ገንዘብ ሳይቀንስ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚነካ አሠሪ የሚሰማው አያገኝም። ቀጥሎ የትርፍ ሰዓት ሥራ ይቆማል፤ ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ካለ፣ ይኸውም በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨመርበት ነው፣ በቀዝቃዛው ወራት እንዲወሰድ ይደረጋል። ደመወዝን ወይም የሥራ ሰዓትን መቀነስ የሥራ ውሉን መለወጥ ስለሆነ በአሠሪው ትእዛዝ ብቻ አይፈጸምም፤ የሠራተኛው ስምምነት በጽሑፍ መስፈር አለበት። አንድ ፈተና በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከደመወዝ የሚቀነሰው 7 በመቶ እና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ እጅ ሲያጥር ለቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ መስሎ ይታያል። የተቀነሰው ገንዘብ የሠራተኛው ነው፤ እርሱን ለሌላ ጉዳይ ማዋል አደራ መብላት ከመሆኑም በላይ ከነመቀጫው ተመልሶ የሚመጣ ዕዳ ነው።

ብዙ አሠሪዎች የማያስታውሱት አንድ መንገድም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ አለ። ይህም ከሥራ ውል የሚመነጩ መብቶችንና ግዴታዎችን ለጊዜው ማገድ ሲሆን፣ ውሉ ሳይፈርስ ሠራተኛው ከመሥራት አሠሪውም ደመወዝ ከመክፈል የሚቆዩበት ሥርዓት ነው። በአሠሪው ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራውን ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚያስቆም ከሆነ አሠሪው በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ምክንያቱ ተቀባይነት ካገኘም እገዳው እስከ 90 ቀን ሊዘልቅ ይችላል። ያለ ደመወዝ መቆየት ለሠራተኛው ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ክረምቱ አልፎ የመስከረም ገበያ እስኪከፈት በሚጠብቅ ድርጅት ውስጥ እገዳው የሠራተኛውን የሥራ ቦታና የአገልግሎት ዘመን ከመፍረስ ያተርፍለታል።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር የሠራተኛ ቅነሳ ይመጣል። ሕጉ ከሠራተኞች ማኅበር ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከርን ይጠይቃል፤ በሥራው እንዲቆይ ቅድሚያ የሚሰጠውም የተሻለ የሥራ ችሎታና ከፍ ያለ ምርታማነት ላለው ነው። የኢትዮጵያ አነስተኛ አሠሪ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ከሠራተኞቹ መካከል የአጎት ልጅ፣ የአገር ልጅ፣ በአማላጅ የተቀጠረ ሰው ይኖራል፤ ስንብቱ በተሰማ ማግስትም ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌን በአክብሮት ተቀብሎ ማዳመጥ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለአንዱ ዘመድ ሲባል መስፈርቱ ከተሻረ በእርሱ ቦታ ሌላ ዘመድ የሌለው ሠራተኛ ይወጣል፣ የቀሩትም የሚያድናቸው ሥራቸው እንዳልሆነ ይረዳሉ። መስፈርቱ ስም ከመጠራቱ በፊት ተጽፎ ቢቀመጥ አሠሪው ለሽማግሌዎቹ የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

የስንብቱን ወጪ አስቀድሞ ማስላት ግድ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያ በሕግ የሚገባው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዙ በ30 ተባዝቶ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታሰብለታል፤ ምክንያቱ ቅነሳ ሲሆን የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል። ለምሳሌ በቀን 300 ብር የሚታሰብለት፣ አራት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለአገልግሎቱ 18,000፣ በቅነሳው ምክንያት ደግሞ ሌላ 18,000፣ በድምሩ 36,000 ብር ይደርሰዋል፤ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ከዚህ የተለየ ነው። ሦስት ሰው የሚያሰናብት አሠሪ ከ100,000 ብር በላይ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ክፍያውም ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ውሳኔውን ከወር ወደ ወር ሲያሸጋግር የቆየ ሰው ይህን ገንዘብ በደመወዝ ጨርሶት ይገኛል፤ ያን ጊዜ ማሰናበትም ማቆየትም የማይችል ይሆናል፣ ክርክሩም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በደህናው ጊዜ የእቁብ ዕጣ የደረሰው አሠሪ ሁለተኛ ማሽን ከመግዛቱ በፊት ለስንብት ክፍያ የሚሆን ድርሻ ለይቶ ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

ስንብቱ በስልክ መልእክት ወይም በዘበኛ አፍ ሊነገር አይገባውም። ባለቤቱ ራሱ ሠራተኛውን ለብቻው አነጋግሮ ምክንያቱን ሊያስረዳው፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃም ሊሰጠው ይገባል። በቀሩት ሠራተኞች ላይ የወጡት ሰዎች ሥራ ሁሉ ሲጫን የሥራ ጊዜያቸው በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ መጠበቅ፣ የትኛው ሥራ ጨርሶ እንደሚቀርም መወሰን ያሻል። የተሰናበቱት አድራሻ ከነሙያቸው በመዝገብ ይቀመጥ፤ ትእዛዝ ተመልሶ ሲመጣ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ለእነርሱ ይደወል።