በዝናብ የተነሣው ፎቶግራፍ



ታላላቅ ሕንጻዎችን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃሉ። ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ፎቶግራፎች መካከል ግን ከልባችን ያልጠፋው በዝናብ የተነሣው ነው። መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲመሽ፣ ዓለም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ደጁን በዘጋበት ወቅት፣ በ2017 ዓ.ም. ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሕዝብ በሌለበት በዚያ አደባባይ ፊት ቆመው ጸለዩ።

በርኒኒ እ.ኤ.አ. ከ1656 እስከ 1667 ያሠራቸው 284 ዓምዶች አደባባዩን ከሁለት ወገን ያቅፋሉ፤ ልጆችዋን የምትቀበል የእናት ቤተ ክርስቲያን ክንዶች ናቸው። በፎቶግራፉ ግን ክንዶቹ ባዶ ናቸው፤ እርጥቡ ንጣፍ የመብራቱን ብርሃን ብቻ ያንጸባርቃል። ከሕንጻው ውበት አንዳች አልጎደለም፤ እኛ ግን ባየነው ጊዜ አዘንን። ዓምዱ የቆመው ለሰው ነውና።

ደግመን ስንመለከት ሌሎች ክንዶችን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1522 በወረርሽኝ ዘመን በሮማ ጎዳናዎች የዞረው፣ ከእንጨት የተቀረጸው የጌታ ስቅለት፣ በዚያ ምሽት በዝናቡ መካከል ቆሞ ነበር። የድንጋዩ ክንዶች የመጣውን ይቀበላሉ፤ የተሰቀለው ጌታ ክንዶች ግን መምጣት ያልቻለውንም ያቅፋሉ።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በክረምት ጎርፍና ጭቃ መንገዱን ሲዘጋ፣ ጸሎት ቤቱም ባዶ ሲሆን፣ የመጡትን ብቻ ቆጥረን በሩን አንዝጋ። ሕመምተኛው፣ አረጋዊቷ፣ የራቀው ወንድም በየቤታቸው አሉ። ዝናቡ እስኪያባራ ሳንጠብቅ ወደ እነርሱ እንሂድ። የጌታ ክንድ በእኛ በኩል ይድረሳቸው፤ አሜን።