ክፉው ይወጣል፣ ሰው ግን አይጣልም



በየቁምስናችን ስለ ተአምራዊ ፈውስ ብዙ ጥያቄ ይነሣል። እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳልን? ርኩስ መንፈስንስ ያሸንፋልን? አዎን፣ ይፈውሳል፤ ያሸንፋልም። ነገር ግን ድሉ በምን እንደሚታወቅ ማስተዋል ይገባናል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር መካከል ስለሚኖር አንድ ሰው እናነባለን። የአገሩ ሰዎች ደጋግመው በሰንሰለት አስረውት ነበር። ጌታችን ግን ሰውየውን ከያዘው ክፉ ለየው፤ አጋንንቱን አስወጣ፣ ሰውየውንም ወደ ልቡ መለሰው። ያን ጊዜ ሁለት ሺህ ያህል እሪያዎች በባሕር ሰጠሙ። የአገሩ ሰዎችም በወንድማቸው መዳን ደስ በመሰኘት ፈንታ ፈሩ፤ ጌታ ከአገራቸው እንዲሄድላቸውም ለመኑት።

ይህ ታሪክ ለደቡብ ኦሞ ሰው ሩቅ አይደለም። ከብት ሀብትም ሕይወትም በሆነበት ምድር፣ ዝናብ ሲቀርና መንጋ ሲያልቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ እናውቃለን። በሐመር፣ በበና እና በካራ ሕዝቦች ዘንድ «ሚንጊ» የሚባለው ልማድ ከዚሁ ፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ ወይም ወላጆቹ ተገቢውን ሥርዓት ሳይፈጽሙ የተፀነሰ ሕፃን፣ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ሲጣል ወይም ሲገደል ኖሮአል።

በዚህ ጨለማ ውስጥ ግን ብርሃን ታየ። የካራ ተወላጁ ላሌ ላቡኮ፣ ሁለት ታላላቅ እኅቶቹ በዚህ ምክንያት እንደ ተገደሉ ካወቀ በኋላ፣ ሕፃናትን ከሞት እያተረፈ በጂንካ መጠለያ እንዲያገኙ አደረገ። የካራ ሽማግሌዎችም እ.ኤ.አ. በ2012 ልማዱን በይፋ ተዉ። እኔ በዚህ ውስጥ የእግዚአብሔርን እጅ አያለሁ። ሕፃኑ ክፉ አልነበረም፤ ክፉው በሰዎች ልብ የነገሠው ፍርሃት ነበር። የተሸነፈውም እርሱ ነው።

እኛ በከተማ ያለን ክርስቲያኖች ግን አንመካ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው የምንሸሽ፣ ጎረቤታችንን በቡዳነት የምናማ፣ አካል ጉዳተኛ ልጃችንን በጓዳ የምንደብቅ ከሆነ፣ ያው ፍርሃት በእኛም ቤት አለ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን እርሱንም ወላጆቹንም ከዚያ ክስ ነጻ እንዳደረጋቸው አንርሳ (ዮሐ. 9፥1-3)።

ካተኪስቶች ሆይ፣ ሕመምተኛ ሲመጣላችሁ ማን እንደ ረገመው አትጠይቁ። አብራችሁት ጸልዩ፤ ካህን ጥሩለት፤ በያዕቆብ መልእክት 5፥14 እንደ ታዘዘውም ዘይት ይቀባ። ሳትዘገዩ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑ ያስተምራልና። በጸሎት ስም መድኃኒት የሚያስጥል ሰው እምነትን አላስተማረም። አጋንንትን የማስወጣት ሥርዓትም በጳጳሱ ልዩ ፈቃድ፣ በካህን ብቻ እንዲፈጸም የቤተ ክርስቲያን ሕግ (ቀኖና 1172) ያዝዛል፤ የተሠቃየ ሰው ዳግመኛ እንዳይሠቃይ ነውና። ፈውስ ሲዘገይም በሕመምተኛው ላይ የእምነት ማነስን ክስ አትጨምሩበት። አልጋው አጠገብ ቁጭ በሉ፤ መስቀሉ በዚያ አለ።

ያ የዳነ ሰው ከጌታ ጋር ለመሄድ ለምኖ ነበር። ጌታ ግን ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ ላከው። ፈውስ የሚፈጸመው የተጣለው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ነውና። እንግዲህ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ እርሱ ሲመለስ በራችን ክፍት ሆኖ ያገኘዋልን?

ክፉን ሁሉ ያሸነፈው ጌታችን ፍርሃታችንን ከልባችን ያውጣልን። አሜን።