ንስሐና መድኃኒት፤ በመጠጥ ለታመመች እኅታችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስካርን ስትነቅፍ የኖረችው አእምሮን የሚያጨልም፥ ቤትን የሚያፈርስ፥ ነፍስንም ከእግዚአብሔር የሚያርቅ ስለ ሆነ ነው። ይህ ትምህርት ዛሬም አይለወጥም። ነገር ግን ጠጥቶ መስከርና የመጠጥ ባሪያ መሆን አንድ አይደሉም። የፊተኛው በደል ሆኖ ይጀምራል፤ የኋለኛው ሲሰነብት ደዌ ይሆናል። ደዌ ከሆነ ደግሞ ተግሣጽ ብቻውን አያድነውም። በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የወደድነው ስለዚሁ ነው፤ ይልቁንም ስለ ሴቶች።

ሐና በሴሎ ቤተ መቅደስ ቆማ በልቧ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ያየው የከንፈሯን መንቀሳቀስ ብቻ ነበርና የሰከረች መሰለውና ገሠጻት (1ኛ ሳሙ. ምዕ. 1)። እርስዋ ግን የልቧን ኀዘን በነገረችው ጊዜ ቃሉን መልሶ መረቃት፤ በሰላምም አሰናበታት። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ካህን በዓይኑ ብቻ ቢፈርድ እንደሚሳሳት ነው። ሁለተኛው፥ ከሰማ በኋላ ፍርዱን ማቃናት እንደሚገባው ነው። እንግዲህ ያልጠጣችው ሴት እንዲህ ከተገሠጸች፥ በእውነት የምትጠጣዪቱን ሴት ኀዘን ማን ይሰማታል?

በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ሀይሌ ጋርመንትን እንመልከት። ስሙ ራሱ የልብስ ስፌትን ሥራ የሚያስታውስ ሰፈር ነው። እንዲህ ባለው ሰፈር በስፌት የምትተዳደር፥ በጉልት የምትነግድ፥ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ፥ በኮንዶሚኒየም ቤት ብቻዋን የምትኖርም ሴት አለች። የወንድ ስካር በመንገድ ይታያል፤ የሴት ስካር ግን ከበር በስተ ኋላ ይሸሸጋል። ወንድ ቢሰክር «ጠጣ» ተብሎ ይታለፋል፤ ሴት ብትሰክር ግን ስሟና ክብሯ ከልጆቿ ጋር ይወድቃል። ስለዚህ ኀፍረቷን ፈርታ ለሐኪም አትናገርም፤ ለንስሐ አባቷም ትሸሽጋለች። ብዙ ጊዜም ከመጠጡ በስተ ኋላ የባል ዱላ፥ የልጅ ሞት ወይም የብቸኝነት ኀዘን ይገኛል።

የሴት ሰውነት በመጠጥ ፈጥኖ እንደሚጎዳ የሕክምና ሊቃውንት አረጋግጠዋል። በክብደት ከወንድ እኩል የሆነች ሴት በሰውነቷ ውስጥ ያለው ውኃ ከእርሱ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ እኩል ቢጠጡ በእርስዋ ደም ውስጥ አልኮሉ ይበረታል፤ ጉበቷም በአጭር ዘመን ይታመማል። የፀነሰች እንደ ሆነ መጠጡ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ለፅንስ የማይጎዳ የመጠጥ መጠን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አሁን ካህናት ሁሉ እንዲያስተውሉት ወደምንሻው ነገር እንመለስ። ለብዙ ዘመን በየዕለቱ አብዝታ የጠጣች ሴት መጠጡን በድንገት ብታቆም ከጥቂት ሰዓት በኋላ እጇ ይንቀጠቀጣል፥ ላብ ያጠምቃታል፥ እንቅልፍ ይርቃታል። በአንዳንዶቹ ላይ የሚጥል ሕመም ይነሣል፤ በ2ኛውና በ3ኛው ቀንም የሌለውን የሚያዩ፥ ያልተነገረውን የሚሰሙ አሉ። ይህ ሁኔታ በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ የንስሐ አባት «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጽዋ እንዳትቀምሺ ገዝቼሻለሁ» ብሎ ቢያሰናብታት፥ ለነፍሷ ያሰበላት መስሎት ሥጋዋን ለሞት አሳልፎ ሊሰጣት ይችላል። መቃዠቷንም አይቶ ጋኔን ነው በማለት ያለ ሐኪም ወደ ጠበል ብቻ ቢልካት አደጋው ይበዛል። ሐኪም ግን በነዚያ ቀናት ዲያዜፓምን የመሰለ መድኃኒት እየሰጠ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ አእምሮዋም እንዳይጎዳ ታያሚን የሚባለውን ቪታሚን ይጨምርላታል።

ይህ ካለፈ በኋላ ምኞቱን የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ። ናልትሬክሶን የመጠጡን ደስታ ያደበዝዛል፤ አካምፕሮሴት ያቆመችውን ሴት እንዳትመለስ ይረዳታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱን በ2023 እ.ኤ.አ. ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር አግብቷቸዋል። ዳይሰልፊራም የሚባለው ደግሞ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ፊትን የሚያቀላ፥ የሚያስታውክ፥ ልብን በኃይል የሚያስመታ ነው፤ ስለዚህ ወዳ ካልሆነ በቀር አይሰጥም። ባል ወይም እናት ሳታውቅ በወጥ ውስጥ ቢጨምሩባት ነፍሷን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የሚስማማውን የሚለይ ሐኪሙ ነው።

መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ምክሩም ሕክምና ነው። በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሰዎች በየቀጠሮው ከእርስዋ ጋር ተቀምጠው ለምን እንደምትጠጣ፥ በየትኛው ሰዓትና ከማን ጋር ስትሆን ምኞቱ እንደሚነሣባት፥ ሲነሣስ ምን እንደምታደርግ ያስተምሯታል። በከተማችን በመርካቶ አቅራቢያ ያለው፥ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል በሱስ የተያዙትንም ያክማል።

«መድኃኒት መውሰድ እምነትን ማጉደል አይደለምን?» የሚል ቢኖር፥ ነቢዩ ኢሳይያስ በጸሎት ለተፈወሰው ለሕዝቅያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግለት ማዘዙን ያስብ። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። በዘመናችንም በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ለምእመናን መመሪያ ሰጥተው ነበር። ለዚያ ደዌ የተባለው ለዚህም ይሠራል።

እንግዲህ ክቡራን ካህናት፥ በንስሐ ወደ እናንተ የመጣችውን እኅት አስቀድማችሁ ስሙአት፤ ምሥጢሯን ጠብቁ። በየዕለቱ የምትጠጣ እንደ ሆነ ቀኖናውን ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ሐኪም ላኳት። ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ከሐኪሟ ቃል ጋር አስማሙላት። «ዳይሰልፊራም እየወሰድሁ እንዴት እቈርባለሁ?» ብላ ብትፈራ፥ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቅዱስ ደሙ የሚቀርበው ከዘቢብ የተጨመቀ እንጂ የፈላ ወይን አለመሆኑን ነግራችሁ አጽናኗት፤ ለሐኪሟም እንድታስረዳው ምከሯት።

እናንተም የሰንበቴና የጽዋ ማኅበርተኞች፥ ጠላ ካልቀመስሽ ብላችሁ አታስጨንቋት፤ ከጠመቃውም ተራ አውጧት፤ ብርዝ ቅዱላት። በማኅበሩ መካከል አንዲት ነፍስ ከምትወድቅ ጠላው ቢቀር ይሻላል።

ደጉ ሳምራዊ ቍስሉን ካሰረ በኋላ ቍስለኛውን በመንገድ አልተወውም። ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፥ ሁለት ዲናር ከፈለለት፥ ተመልሶም እንደሚመጣ ተናገረ። የመጠጥ ደዌም ተመልሶ የሚያገረሽ ነውና፥ እኅታችን ዳግመኛ ብትወድቅ በሩን አንዝጋባት፤ ተመልሰን እንጠይቃት።

የሐናን ልቅሶ የሰማ አምላክ በጓዳ ተሸሽገው የሚያለቅሱትን እኅቶቻችንን ይስማ፤ ለሐኪሞች ጥበብን፥ ለካህናት ትዕግሥትን ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።